አራት ጊዜ የተጻፈችው መንደር

የክፍል ጓደኛዬ ስለእናት ደውላ «ፈንታሁን፣ ሰምተሃል?» አለችኝ። ከድምፅዋ ነገሩ ገብቶኝ ስለነበር «ምኑን?» ለማለት ፈራሁ። መምህርት ዘሃራ ታማ ጎንደር ሐኪም ቤት ገብታ ነበር፤ ሳትወጣ ቀረች። የእስልምና ቀብር አይቆይምና እኛ ስንሰማ ዳባት ላይ አፈር ከለበሰች ሁለት ቀን ሆኗታል። ስለእናት በስልኩ ታለቅስ ነበር። ስለ መምህርት ዘሃራ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው አንድ ቀን አለኝ። ዛሬ ልናገረው።

ያስተማረችኝ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነበርን፤ ትምህርቱ ለጀማሪ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። አብዛኞቻችን ባዮሎጂ የገባነው ከሒሳብ ሸሽተን ነው። እኔ ከቡይት ራስ በታች ያለ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ካምፓስ እስክገባ ድረስ ኮምፒውተር የነካሁት ሁለት ጊዜ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ ሳላውቅ አጥፍቼዋለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ስንገባ መብራት ሄዶ ስናገኘው በልቤ ደስ አለኝ።

እሷ ግን ቀድማን ገብታ ቆማለች። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናት፤ ጥቁር ሂጃብ አድርጋ፣ በግራ እጇ የወንድ ሰዓት አስራለች። ቤተሰቧ የዳባት ነጋዴዎች ናቸው። አነጋገሯ እንደ አገር ሽማግሌ ዝግ ያለ ነበር፤ ሰውን የሚያስፈራውም ይኸው ዝግታዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ የወይራ፣ የኮሶና የአስታ ቅርንጫፍ ዘርግታለች።

«መብራት የለም» አለ አንዱ ተማሪ በደስታ።

«አያስፈልገንም። የዕፅዋት መለያ መጽሐፋችሁን አውጡ። አንተ፣ ከበሩ አጠገብ ያለኸው፣ ተነስና አንብብ።»

ከበሩ አጠገብ ያለሁት እኔ ነበርኩ። «ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ከበቀሉ ወደ አራት ሂድ፤ ካልሆነ ወደ ሰባት ሂድ» ብዬ አነበብኩ።

«የወይራው እንዴት ነው?»

አየሁት። «ፊት ለፊት ነው።»

«ስለዚህ ወዴት ትሄዳለህ?»

«ወደ አራት።»

«ይህን ስንት ዓመት ሠራችሁት?»

«ሦስት ዓመት።»

«እንግዲያው ሦስት ዓመት ሙሉ ፕሮግራም ስትሠሩ ኖራችኋል፤ የነገራችሁ ሰው የለም እንጂ። ከሆነ ወዲህ፣ ካልሆነ ወዲያ። ማሽኑም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ከእናንተ የሚለየው ባልተጻፈለት መንገድ አለመሄዱ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ፍርሃቴ ከማሽኑ ወደ እሷ ዞረ። የጻፍነው ኮድ ተሳስቶ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ሁላችንም ቶሎ ማጥፋት እንፈልጋለን። እሷ ከኋላችን ሳናያት ትደርሳለች። «አታጥፋው። ስድብ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። ተነስና ለክፍሉ አንብብ» ትላለች። ተነስቶ የራስን ስሕተት ለሠላሳ ሰው ማንበብ! ስለእናት አንድ ጊዜ እያነበበች አለቀሰች። መምህርት ዘሃራ አላባበለቻትም፤ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ልቅሶው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ «የመጨረሻዋ መስመር ቀርታሻለች» አለቻት።

ሌላም ልማድ ነበራት። ኮዳችንን ስታይ ደብተሯን ስክሪኑ ላይ ታስደግፍና አንዲት መስመር ብቻ እንድትታይ አድርጋ የታችኛውን ሁሉ ትሸፍነዋለች። «ይቺ ምን አለች?» ትላለች። መልስ ካገኘች ደብተሩን በአንድ መስመር ዝቅ ታደርጋለች። ቸኩሎ ወደ ታች የዘለለን ሰው ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ በአሥራ ሁለት መስመር ላይ ይዛኝ ታውቃለች። ከላብራቶሪው ስወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ፕሮጀክት ሰጠችን። ያን ዓመት ቆላው ላይ ወባ በርትቶ ነበር። ከዛሪማ አካባቢ የጤና ኬላዎች በእጅ የተጻፉ የሕሙማን መዝገቦች ደባርቅ ወዳለ አንድ ጽሕፈት ቤት ይመጣሉ፤ ቆጥሮ የሚደምራቸው ሰው ግን አልነበረም። መዝገቡን ተከፋፍለን ኮምፒውተር ላይ ጻፍነው፤ የኔ ድርሻ በየመንደሩ ስንት ሰው እንደታመመ ቆጥሮ፣ ከሃያ በላይ የታመመባቸውን መንደሮች ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም መሥራት ነበር። መድኃኒት፣ የመመርመሪያ ኪትና አጎበር የጫነው መኪና ዓርብ ጧት የሚወርደው በዚያ ዝርዝር ነው።

ማክሰኞ ፕሮግራሜ ሠራ። ሰባት መንደሮች ወጡ። መምህርት ዘሃራ ፈረመችበት። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወርቁ መጥተው በሰው ፊት እጄን ጨበጡኝና «ጎበዝ! እኛ ሳምንት የሚፈጅብንን ባንዴ ጨረስከው» አሉኝ። ያን ቀን መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ረቡዕ ከሰዓት ብቻዬን ሆኜ፣ ከዝርዝሩ የቀሩትን መንደሮች ለማየት ያህል አወጣኋቸው። ከነሱ መካከል «ፀሐይ ሜዳ» አለች፤ ዐሥራ አራት ሕሙማን። ዝቅ ብዬ ሳይ «ጸሀይ ሜዳ» የምትልም አለች፤ ዐሥራ አንድ። ሁለት መንደር ይሆናሉ አልኩ። ውስጤ ግን አንድ እንደሆነች ያውቃል። አንዱ ጸሐፊ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ጽፏታል፤ ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት አገር ነው። የተጨበጠው እጄ ትዝ አለኝ። ብናገር ምን እንደሚሉኝ አሰብኩ። ስክሪኑን አጠፋሁት። ሐሙስም ዝም ብዬ ዋልኩ።

ዓርብ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ነበረን። መምህርት ዘሃራ የኔን ሥራ ለማሳያ ልትጠቀምበት ከነቀረው መንደር ሁሉ አትማ ይዛዋለች። «ፈንታሁን፣ ተነስ። ያለፉትን እናውቃቸዋለን፤ የወደቁትን አንብብልን» አለች። ደብተሯን ወረቀቱ ላይ አድርጋ አንድ አንድ መስመር ገለጠችልኝ።

«ፀሐይ ሜዳ» አልኩ።

ደብተሩ ዝቅ አለ። ሁለት ሌሎች ስሞች አነበብኩ። እንደገና «ፀሐይ ሜዳ» አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ሌላ ስም። ከዚያ «ፀሐይ ሜዳ»። አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። አራተኛውን ሳነብ የሳቀ አልነበረም። እኔ ራሴ ሁለት መሆኗን እንጂ፣ «ሐ»ዋም በ«ሀ» እየተቀየረች አራት መሆኗን አላየሁም ነበር።

መምህርት ዘሃራ አራቱን ቁጥሮች በቃሏ ደመረች። «አርባ አንድ» አለች። ከሰባቱ ከማናቸውም ይበልጣል። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«መቼ አየኸው?»

«አሁን» ልል ነበር። ምላሴ ግን እሺ አላለም። «ረቡዕ፣ ሁለቱን ብቻ» አልኩ።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ሰዓቷን አየች። «መኪናው አንድ ሰዓት ላይ ወጥቷል» አለችና ስልኳን አነሳች። ኔትወርክ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ሲመጣ ሲሄድ ነው የሚውለው። መዝገቡንና ላፕቶፕዋን ቦርሳ ውስጥ ከተተች። «ተከተለኝ» አለች።

ገበያው አጠገብ የአጎቷ የጋሽ እንድሪስ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሰሊጥ ሊጭኑ ወደ ዛሪማ ባዶ ሊወርዱ ሲሉ ነው የደረስነው። «ጋሼ፣ ፊታችን ያለች መድኃኒት የጫነች ፒካፕ ዛሪማ ላይ ሳታራግፍ መድረስ አለብን» አለቻቸው። እሳቸው እኔን አዩኝ፤ እሷን አዩ፤ ሳይጠይቁ ሞተር አስነሱ።

ሊማሊሞን በጭጋግ የወረደ ሰው ያውቀዋል። በአንድ ወገን ግድግዳ የሚያህል ዓለት፣ በሌላው ወገን ባዶ ነጭ ነገር ነው። ባዶ አይሱዙ ደግሞ ይዘላል። በየመታጠፊያው ጋሽ እንድሪስ ጡሩምባ እየነፉ፣ በለሆሳስ «ያ ሰላም» እያሉ ይጠመዝዛሉ። የፍሬኑ ሽታ አፍንጫችን ውስጥ ገባ። እኔ የበሩን እጀታ ጨብጬ ይቅርታ የምልበትን ቃል እፈልጋለሁ። ሦስት ጊዜ «ቲቸር» ብዬ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ቆይ» አለችኝ። መዝገቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መኪናው እያንገላታት፣ አራቱንም ስሞች በጣቷ እየተከተለች የሕሙማኑን ስም በተራ አንድ ወረቀት ላይ እየጻፈች ነበር።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ልንወጣ ስንል የፍተሻ ኬላ አለ። ገመዱ ተወጥሯል። ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ጠባቂ ቦርሳውን ከፍቶ ላፕቶፑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ አያልፍም። ውረዱ።»

ጋሽ እንድሪስ ሊለምኑት ጀመሩ። «የኔ ልጅ፣ አስተማሪ ናት…»

«ውረዱ ብያለሁ! አለቃዬ ሲመጣ ነው።»

«መቼ ይመጣሉ?» አለች መምህርት ዘሃራ።

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እሱም ፈርቷል። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

እሷ ከመኪናው ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ጽሑፍ የምታስነብበን ጊዜ በምትናገርበት ድምፅ «ወንድሜ፣ ሲያዝዙህ ምን ነበር ያሉህ? ቃሉን ንገረኝ» አለችው።

ግራ ተጋባ። «ላፕቶፕና ካሜራ የያዘ ሰው እንዳያልፍ ነው ያሉኝ።»

«ካልያዘስ?»

«ካልያዘማ… መታወቂያ ካለው ያልፋል።»

ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው። «እንግዲህ አልያዝኩም። አደራ፣ ውኃ እንዳይነካው። መታወቂያዬ ይኸውልህ።»

ልጁ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆመ። የሁለት ዓመት ሥራዋ በሙሉ እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ገመዱን አወረደልን። ላፕቶፑ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰው በሰው ተልኮ፣ አንድ ጥጉ ተሰንጥቆ ተመለሰላት፤ ያን ጊዜ ግን መመለሱን አታውቅም ነበር። መኪናው ሲነሳ መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ደጋግማ ወደ ኬላው ትዞር ነበር። ፈርታ ሳያት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

ዛሪማ ስንደርስ ፒካፗ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ካርቶኖቹ ወርደው በሰባት ቦታ ተከምረዋል። ከየመንደሩ የመጡ ሰዎች ድርሻቸውን በአህያ ሊጭኑ ገመድ እየፈቱ ነው። አቶ ወርቁ ሲያዩን «እንዴት መጣችሁ? ምን ሆናችሁ?» አሉ።

መምህርት ዘሃራ ወደ እኔ ዞረች። «ንገራቸው።»

«እርስዎ ቢነግሯቸው…»

«አንተ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ረቡዕ እንዳየሁ፣ ዝም እንዳልኩም ጨምሬ ነገርኳቸው። አቶ ወርቁ ፊታቸው ጠቆረ። «በሰው ነፍስ ትጫወታለህ? ተማሪን ያመነ እኔ ነኝ ጅሉ! ለመሆኑ ይህን ያረጋገጠው ማነው? ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች። «የወጡትን ሰባቱን አይቼ፣ የቀሩትን ሳላነብ ፈረምኩ። የሚጠየቅ ካለ በወረቀት ጠይቁኝ፤ በወረቀት እመልሳለሁ። አሁን ግን ካርቶኖቹ ይመለሱ።»

ግቢው ተንጫጫ። «ለእኛ የተባለውን ማን ነው የሚወስደው?» አለ አንዱ፣ ካርቶኑ ላይ እጁን ጭኖ። ሌላው ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እውነቱን ነው፤ የእሱም ልጅ ታሟል። ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አንድ ቄስ ከአህያቸው አጠገብ ሆነው ሲያዳምጡ ነበር።

«ልጄ፣ ፀሐይ ሜዳ ስንት ሕመምተኛ አለ አላችሁ?» አሏት።

«አርባ አንድ፣ አባ።»

«የኛስ?»

«ሃያ ሦስት።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ካርቶኖቹ ቀረቡ። «እንግዲያማ ከኛው ጀምሩ። ለሁሉም እንዲደርስ አድርገሽ አካፍይን» አሉ። ካርቶኑ ላይ እጁን የጫነው ሰው ቄሱን አየ፤ እጁን ቀስ ብሎ አነሳ።

ኮምፒውተር የለ። መምህርት ዘሃራ አንድ ካርቶን ገልብጣ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የስምንቱን መንደሮች ሕሙማን ደምሬ፣ ኪቱንና መድኃኒቱን ለየድርሻቸው በእጄ አካፈልኩ። እያንዳንዷን መስመር ስጨርስ እሷ ጣቷን ታሳርፍባታለች፤ ከዚያ እቀጥላለሁ። አንድ ቦታ ተሳሳትኩ። «እዚህ ጋ» ብቻ አለችኝ። ስንጨርስ ሰዎቹ ድርሻቸውን እየቆጠሩ ተረከቡ፤ ያጉረመረመም፣ የመረቀም ነበር።

ፀሐይ ሜዳ ስንደርስ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። የተሳፈርንባት ፒካፕ ወንዙን መሻገር ስላልቻለች የመጨረሻውን መንገድ ካርቶን ተሸክመን በእግር ነው የገባነው። የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ትርንጎ የምትባል ልጅ ናት፤ ስታየን ካርቶኑን ከራሴ ላይ ተቀብላ እዚያው ከፈተችው። ኪቷ ካለቀ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ሰው በሾላው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ተሸክመው ያመጧቸው አሉ፤ ጋቢ ተከናንበው በዚያ ሙቀት የሚንቀጠቀጡ አሉ። ትርንጎ ጣት እየወጋች ስትመረምር፣ እኔ መምህርት ዘሃራ መኪና ላይ ከጻፈችው ወረቀት ስም እንድጠራ ታዘዝኩ።

አንድ በአንድ ጠራሁ። «አቤት» ይላሉ፤ ይመጣሉ። ረቡዕ ለት ቁጥር የነበሩት ሰዎች ፊት አላቸው፤ አንዱ አንካሳ ነው፤ አንዷ እርጉዝ ናት። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ «ይታያል ደሴ» ብዬ ጠራሁ።

መልስ የለም።

«ይታያል ደሴ!» ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ከኋላ በኩል አንዲት ሴት «አቤት» አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «ልጄ ነው። ትናንት ቀበርነው።»

በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ረቡዕ ብናገር ኖሮ መኪናው ያው ዓርብ ነበር የሚወጣው። ልጁ የሞተው ሐሙስ ነው። ወይስ ቢሰሙ ረቡዕ ማታውኑ ሰው ይልኩ ነበር? እንደገና ቆጠርኩ።

መምህርት ዘሃራ ወደ ሴትዮዋ ሄደች። አጠገቧ አፈር ላይ ቁጭ አለችና እጇን ያዘቻት። «ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እህቴ። ዘግይተን ነው የመጣነው» አለቻት። ሰበብ አልጨመረችበትም። ሴትዮዋም አልወቀሰቻትም፤ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ መምህርት ዘሃራ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ጣቶቼንም አየች።

«መቁጠሩን ተው» አለችኝ። «ቤትህ ገብተህ ትቆጥራለህ፤ እኔም እቆጥራለሁ። አሁን የሚቀጥለውን ጥራ።»

«ቲቸር፣ አልችልም።»

«ሰው እየጠበቀ ነው፣ ፈንታሁን። ጥራ።»

ወረቀቱን አየሁ። የሚቀጥለው «ብርቱካን ደሴ» ይላል። ጠራሁት። ሴትዮዋ እንደመባነን አለችና ከጀርባዋ የተኛውን የጋቢ ጥቅል ገለጥ አደረገችው። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል።

መምህርት ዘሃራ ልጅቷን ከነጋቢዋ ታቀፈቻትና ተነሳች። ክብደቷ ለሷ አቅም ይበዛ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተንገዳገደች። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለላት። ትርንጎ የያዘችውን ጣት ለቅቃ ወደ እነሱ ዞረች። እኔም ጣቴን በአንድ መስመር ዝቅ አድርጌ የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።